በሕይወት መኖርዎን ያሳውቁን

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የሆነችው ቀልጣፋ ስለነበረች አይደለም፤ እምቢ ማለት ስለማትችል ነው።

ማኅበሩ የዕፅዋት ስም ጥናት ማኅበር ይባላል። አባላቱ አስተማሪዎች፣ ነርሶች፣ የእርሻ ባለሙያዎችና ጡረተኞች ናቸው። በየገጠሩ እየዞሩ አንድ ቅጠል በየሰፈሩ ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ማን ለምን እንደሚጠቀምበት ጠይቀው ይጽፋሉ። የጻፉትንም በዓመት አንድ ጊዜ ሰብስበው መጽሔት ያሳትማሉ። መጽሔቷ ቀጭን ናት። ከአባላቱና ከጥቂት ቤተ መጻሕፍት በቀር የሚያውቃት የለም። እነሱ ግን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይሳሱላታል።

እሷ ስለ ቅጠል የምታውቀው ነገር አልነበረም። በውሃ ክፍያ መሥሪያ ቤት መስኮት ውስጥ ተቀምጣ ገንዘብ ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። ከመስኮቱ ወዲያ የሚሰለፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተቆጥቶ ስለሚመጣ፣ ቀና ብላ ፊት ማየቱን ትታ ሰውን በእጁ መለየት ለምዳ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው እጅ የተቃጠለ ጠባሳ አለው። የሹፌሩ አውራ ጣት ጥቁር ነው። ጣቶቹ አረንጓዴ የሆኑ አንድ ሰው ደግሞ በየወሩ ይመጡ ነበር፤ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው፤ የማኅበሩም ሊቀመንበር። አንድ ቀን መልስ ሲቆጥሩ አንዲት ሳንቲም ረስተው ሄዱ። እሷ መስኮቷን ዘግታ፣ ሻርፗን እያስተካከለች፣ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሮጣ ሰጠቻቸው። እሳቸውም እዚያው ቆመው፣ «እኔ ስፈልግ የኖርኩት አንቺን ነው» አሏት። ሰው ዘወር ብሎ አያት። እሷ ያንን ዓይን ለመሸሽ ብቻ እሺ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባላቱ «እትዬ ሳንቲም» ይሏት ጀመር።

ቢሮው ከጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ከታች የሙጫ ሽታ ይመጣል፤ ከላይ በጋዜጣ መሃል ተጭነው የደረቁ ቅጠሎች አቧራ አለ። ጫማ ሰፊው መዶሻውን ሲያነሣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የብዕር ማስቀመጫ ይንቀጠቀጣል። እሷ ከሥራ ስትወጣ እዚያ ትገባና ደረሰኝ ትቆርጣለች።

ደረሰኝ የምትቆርጥለት ሰው ሲገኝ ነው እንጂ። የተማሩ ሰዎች ገንዘብ ሲሆን ይረሳሉ። አንዱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ሌላው ሦስት ዓመት ይጠፋል፣ አንዱ ደግሞ ደረሰኙን አበባ አድርቆበት ይመልስላታል። መዋጮ ልትጠይቅ ቤታቸው ትሄዳለች፤ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች፣ ስለ ጉልበት ሕመሙ ትጠይቃለች፣ ከዚያ አፏን ይዛ ትመለሳለች። የታክሲውን ከኪሷ ነው።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ አምስት ዓመት ሄዱ። በአምስተኛው ዓመት አታሚው፣ ትልቅ ሆድና ትልቅ ትዕግሥት የነበረው ሰው፣ ትዕግሥቱ አለቀበት። ያለፈው ሂሳብ ሳይዘጋ ማሽኔን አላስነሣም አለ። ኮሚቴው ተሰብስቦ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ፣ እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። የተናገረችው ለሰዎቹ ሳይሆን ለጠረጴዛው ነበር። ውሃ ክፍያ ቤት ረጅም መንገድ የሚሄዱ ሰዎች የዓመቱን በአንዴ ከፍለው እንደሚሄዱና መሥሪያ ቤቱም እንዴት እንደሚደሰት ነገረቻቸው። እኛስ የአሥር ዓመት መዋጮ በአንድ ጊዜ የከፈለን ሰው የዕድሜ ልክ አባል ብናደርገው? እስኪሞት ድረስ መጽሔቷ ትላክለት፤ ሌላ አይጠየቅ።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መቱና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሳንቲም አይደለሽም፣ ወርቅ ነሽ» አሏት። ጆሮዋ ጋለ። ያን ያህል ሰው አመስግኗት አያውቅም ነበር።

ገንዘቡ እንደ ዝናብ መጣ። «ዕድሜ ልክ ተፈረደብኝ» እያሉ እየቀለዱ ወደ አርባ ሰው ከፈለ። ባንክ ቤት የሚሠራ ታላቅ ወንድም ነበራትና ስትነግረው፣ ጋዜጣውን አጥፎ አስቀመጠ። ይህ ገንዘብ የዘንድሮ እንዳይመስላችሁ፣ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ ነው አላት። ዋናውን አስቀምጪና ወለዱን ብቻ ብሉ፤ ዋናውን ከነካችሁ አንድ ቀን ታለቅሳላችሁ። ገብቷታል። በደንብ ነው የገባት። እሺ ብላ ሄደች።

በሳምንቱ አታሚው ተከፈለው። ይህስ ግድ ነው ይባል። ቀጥሎ ጣሪያው ያፈስ ነበርና ጣሪያው ተሠራ። ከዚያ ለቅጠሎቹ መደርደሪያ መጣ። ከዚያ አጉሊ መነጽር። ከዚያም አንድ ክረምት ሙሉ ተራራ ለተራራ የሚዞሩበት መኪና። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሊቀመንበሩ አረንጓዴ ጣታቸውን እያፍተለተሉ፣ «ከዕድሜ ልኩ ላይ ትንሽ ቆንጠር ብናደርግስ፣ ወርቄ?» ይላሉ። አይሆንም ማለት የማን ሥራ እንደሆነ ታውቃለች። ወርቄ የተባለ ሰው ግን እንዴት ብሎ አይሆንም ይላል? በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ እየፈረመች ሰጠች። ወንድሟ አልፎ አልፎ ገንዘቡ እንዴት ነው ሲላት፣ ስለ ታማሚ እንደተጠየቀ ሰው፣ «ደህና ነው» ትለዋለች።

ገንዘቡ ሲያልቅ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ግዴታው ግን ቀረ።

ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ የወረቀት ዋጋ ወጣ፣ ቴምብር ተወደደ፣ የቤት ኪራዩም እንደዚያው። በየዓመቱ የሚከፍሉት አዲሶቹ አባላት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የእነሱ መዋጮ ከሃያ ዓመት በፊት አንዴ ከፍለው ለተገላገሉት ሰዎች መጽሔት ማሳተሚያ ይሆናል። እነዚያ ደግሞ ወይ ፍንክች። ተራራ ሲወጡ የሚውሉ፣ ያገኙትን ቅጠል እያኘኩ የሚቀምሱ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚተኙ ሰዎች መቼ ይታመማሉ? አንድ ዓመት ሊቀመንበሩ ጉባኤውን ሲከፍቱ፣ «ደስ የሚል ዜና አለኝ፤ ዘንድሮም ማንም አልሞተብንም» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። እጇ ግን ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው ሞተ። ሣር ብቻ ሲያጠና የኖረ፣ ለስላሳ፣ ለሰው መንገድ ሲለቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ሰው ነበር። ትወደው ነበር። ቀብሩ ላይ አበባ ይዛ ቆማ፣ አፈሩ ሲመለስ እየሰማች፣ አንድ ቅጂ፣ አንድ ፖስታ፣ አንድ ቴምብር ተረፈ የሚል ነገር በሐሳቧ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ መጣ። አፏን በሻርፗ ሸፈነች። አጠገቧ የነበሩት ሰዎች የምታለቅስ መስሏቸው ትከሻዋን ያዟት፤ ያም የባሰ ሆነባት።

ከዚያ ወዲያ ራሷን መጠበቅ ጀመረች፤ እንደ ሌባ ግን ከራሷ እጅ ታመልጣለች። አንድ አባል አሞታል ሲባል «ምነው፣ ምን ነካው?» ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ከሐዘን ሌላ ነገር እንዳለ ራሷ ትሰማዋለች። አንድ እሑድ ጠዋት ድንች እየላጠች ሳለች፣ መጽሔቷ በራሷ እግር እንድትቆም ከዕድሜ ልኮቹ ስንቱ መሄድ እንዳለበት ሂሳቡ በጭንቅላቷ ውስጥ ተሠርቶ አለቀ። አሥራ አንድ። የትም አልጻፈችውም። ልጣጩን ጣለችና እጇን ደጋግማ ታጠበች።

አታሚው ሲያረጅ ሥራውን ለልጁ ሰጠ። ልጁ እንደ አባቱ ሆድም ትዕግሥትም የለውም፤ ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አልነካውም አለ። አንድ ዓመት ሳይታተም ካለፈ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ትዕዛዛቸውን እንደሚያቋርጡ ጽፈዋል፤ ያኔ መጽሔቷ ሞተች ማለት ነው። እሷም የምታውቀው ይህን ነበር፤ ከሞተች የገደልኳት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ሁለት ፖስታዎች ተቀባይ የለም ተብለው ተመለሱ። ሊቀመንበሩ አገላብጠው አዩዋቸውና፣ ምናልባት ሳንሰማ የሞቱ አሉ ይሆናል፤ ለሌለ ሰው ቴምብር ከምናባክን እስቲ ማን እንዳለ ጠይቂ አሏት። ይህ ነገር ደስ የማይል ነው ልትል ይገባት ነበር። አላለችም። ማወቅ ፈልጋለች።

ጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠች። የተከበሩ የዕድሜ ልክ አባላችን ብላ ጀመረች። የማኅበሩን መዝገብ ለማስተካከል ይረዳን ዘንድ በሕይወት መኖርዎን እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለደንበኞች ስትጽፍ የኖረችው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ እሱም ካልከፈሉ ውሃው የሚቆረጥ መሆኑን እናሳስባለን ብሎ ነው የሚያልቀው። ጣቷ የለመደውን መንገድ ሄደ። ካላሳወቁን ግን እንደሌሉ የምንቆጥርዎ መሆኑን እናሳስባለን። ሊቀመንበሩ ሳያነቡ ፈረሙ። እሷም ቴምብሯን እየላሰች ሁሉንም ላከች።

መልሱ ሲመጣ የት እንደምትገባ ጠፋት። አንዱ «አለሁ፣ ይቅርታ» ብሎ ጽፎ ላከ። አንዱ ደውሎ እየሞከርኩ ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ አላት። አንዱ የዕለቱን ጋዜጣ ደረቱ ላይ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ ላከ። የአንዱ ባለቤት ባሏ ገበያ ወጥቶ ሳለ ደብዳቤውን ከፍታ፣ አንብባ፣ እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ቆየች። የተመለሱት ሁለት ፖስታዎች ባለቤቶችም ቤት ቀይረው ነው እንጂ ደህና ነበሩ። ሁሉም አሉ። ሁሉም ተቀይመዋል።

በመጨረሻ አዋላጇ መጡ።

አዋላጇ ከዕድሜ ልክ አባላቱ ሁሉ ትልቋ ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ስንት ዘመን ሲያዋልዱ ኖረው፣ ወላዶች ስለሚጠጧቸው ቅጠሎች ይጽፉ የነበሩ ሴት ናቸው። ከታች የመዶሻው ድምፅ ድንገት ቆመ፤ ቀጥሎ የምርኩዝ ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ። ጫማ ሰፊው ቦርሳቸውን ይዞ ከኋላ ይከተላቸዋል። ገቡ፣ ትራስ የሌለው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ጫማ ሰፊው ሲወርድ እጃቸውን ዘረጉላት።

«ነይ፣ ያዢው» አሏት።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«የደም ሥሬን ነዋ። አለሁ ወይስ የለሁም?»

ያዘችው። እንደ ወፍ እግር ቀጭን ነው። ቆዳው በሳሙና ብዛት የሳሳ፣ ጥፍሩ አጭር፣ ንጹሕ እጅ ነው። ከጣቶቿ ሥር ቱክ ቱክ ይላል። ቀና ማለት አልቻለችም።

«አሉ» አለች።

«እንግዲያ ጻፊው።» እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እኔ እኮ ልጄ፣ ወደዚህ ዓለም ስንቱን ሰው ስቤ አስገብቻለሁ። አንዱንም ለምን መጣህ ብዬው አላውቅም። ለምን አልሄድሽም ስባል ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።»

እንዲህ ማለታችን አይደለም ልትል ፈለገች። እንዲህ ማለት እንደነበር ግን ታውቃለች፤ ቢያንስ በእሷ በኩል።

አዋላጇ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም። ስንታችን ብንሄድ ይበቃሽ ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር አያምጣው፣ ምን ማለትዎ ነው ይል ነበር። እሷ ግን በመስኮት ውስጥ ሂሳቡን ስትጠየቅ የኖረች ናትና አፏ ቀደማት።

«አሥራ አንድ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ወለሉን ስታይ ቆይታ፣ ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ሰማችና ቀና አለች፤ አዋላጇ ትከሻቸው እየተነቃነቀ ይስቁ ነበር።

«እኔ አራት፣ አምስት ብዬ ነው የገመትኩት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይህን ያህል ጎድተንሻል እንዴ?»

ያኔ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወንድሟ ያላትን፣ ጣሪያውን፣ መኪናውን፣ ወርቄ ስትባል ልቧ እንዴት እንደሚቀልጥ። ጥፋቱ የእናንተ ዕድሜ ሳይሆን የእኔ እጅ ነው አለች። አዋላጇ አላጽናኗትም። አዎ፣ ያንቺ ነው አሉ፤ ቀጥለውም ለጉባኤው ፊት ለፊት ወንበር እንድትይዝላቸው አዘው፣ ምርኩዛቸውን ፈልገው ወረዱ።

ጉባኤው በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው ከፍ ብሎ ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል። ሪፖርቷን ስታነብ ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም፤ ከኋላ «አይሰማም» ይላሉ። ስለዚህ የሚያሳፍረውን ነገር ደግማ፣ ጮክ ብላ መናገር ነበረባት። የዕድሜ ልኩ ገንዘብ ካለቀ ቆይቷል፤ ዋናውን በላነው፤ ዘንድሮ ማሳተሚያ የለም። ሊቀመንበሩ ጣታቸውን ያያሉ። አንድ ኮት የለበሱ ሰው ተነሥተው ገንዘቡ የት ሄደ ብለው አፋጠጧት። እናንተ ስትጠይቁኝ ሰጠኋችሁ ማለት ትችል ነበር፤ ጣሪያው ከነቆርቆሮው፣ መደርደሪያውም ከነቅጠሉ ምስክር አለ። «እምቢ ማለት የእኔ ሥራ ነበር» ብቻ ብላ ቆመች። ስለ አሥራ አንዱ ትንፍሽ አላለችም።

አዋላጇ በምርኩዛቸው ዴስኩን መቱ።

«እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሞቻለሁ» አሉ።

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። እሳቸው እስኪበርድ ጠበቁ። «መጽሔቱን አትላኩልኝ፤ የሞተ ሰው አያነብም። ሂሳቡ ተሠርቷል፤ አሥራ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አንዷ እኔ ነኝ። አሥር ይቀረናል። የቸኮለ አለ?»

አሥራ አንድ የሚለው ቃል ሲወጣ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ማን እንደሠራው ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ፊቷን የምታስገባበት ቦታ አጣች። ከዚያ ከኋላ ባለጋዜጣው ሰው እጁን አወጣና እኔም አረፍኩ አለ። ሳቅ ሆነ። አንድ ባልና ሚስት ተንሾካሾኩ፤ ባልየው ሊነሣ ሲል ሚስቱ በኮቱ ጎትታ አስቀመጠችው፤ ለአንድ ቤት አንድ ቅጂ ይበቃል፣ አንተ ኑር፣ እኔ ልሙት አለችው። ደግሞ አንድ። ደግሞ አንድ። ዘጠኝ ላይ ሲደርስ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ሊቀመንበሩ መስኮቱን ያያሉ። ሲወጡ ብቻ ጠጋ ብለው፣ መጽሔቷ በስማቸው ታሽጋ ስትመጣላቸው ደስ እንደሚላቸው በጆሮዋ ነገሯት። እሷም ከእሳቸው ይልቅ አፍራ፣ እሺ አለቻቸው።

ጉባኤው ሳይበተን ከሥራው ልነሣ ብላ ነበር፤ በምትኳ ማን ይሁን ተባለ። ሁሉም ጫማውን አየ። እንደገባችው እንደዚያው ቀረች።

ሁለት ሰው ስለጎደለ መጽሔቷ የታተመችው በስስ ወረቀት፣ ያለ ሥዕል ነበር። ቢሆንም ታተመች፤ ቤተ መጻሕፍቱም አላቋረጡም። ከዚያ በኋላ ሟቾቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት ከመቃብር ሰላምታ አምጥተንልሻል እያሉ ይስቁባታል። ሰው ሁሉ የሳቀበት ነገር ነው፤ እሷ ብቻ መሳቅ አልቻለችም።

አዋላጇ መጽሔት ቤታቸው ስለማይመጣላቸው ቢሮ እየመጡ ያነቡ ጀመር። በሩ ላይ ቆመው፣ «ሟች መጣች፣ ወንበር አምጪ» ይላሉ። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው፣ አጉሊ መነጽሩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ ስህተት ባገኙ ቁጥር «ውሸታም» እያሉ ያነባሉ። እሷ ደረሰኞቿ ላይ አቀርቅራ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ከራሷ ኪስ የገዛችውን አንድ ቅጂ በወረቀት ጠቅልላ ይውሰዱት አለቻቸው። ጥቅሉን ጨርሶ አላዩትም፤ «ሬሳ በጉቦ ልታስነሺ ነው?» አሏት። መልሳ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ያን ዕለት አውቶቡሱ ድረስ ልትሸኛቸው ወጣች፤ ክንዳቸውን ስትይዝ አልከለከሏትም።

ሌላ አንድ ዓመት ሄደ። አንድ ቀን ማምሻውን ቢሮ ውስጥ ሳለች የእህታቸው ልጅ ደወለች። አክስቴ በእንቅልፍ ላይ እያሉ አለፉ፤ የማኅበሩ ሰዎች እንዲያውቁ ብዬ ነው አለች።

ስልኩን አስቀመጠች። ልማድ ክፉ ነውና ሐሳቧ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሂሳቡ ነው። ሄዶም የሚያነሣው ነገር አጣ። የሚቀር ቅጂ የለም፣ የሚተርፍ ፖስታ የለም፤ ይህ ሂሳብ ተዘግቷል። ባዶ እጁን ሲመለስ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር አየች። ሐሳቧ ዛሬም ቀድሞ ወደዚያ በመሄዱ ፊቷ ጋለ፤ ከዚያ እንባው መጣ፤ ሲመጣም ድምፅ ነበረው።

ከታች መዶሻው ቆመ። ጫማ ሰፊው ሽርጡን እንደታጠቀ ደረጃውን ወጥቶ፣ ራሱን በበሩ አስገብቶ፣ ምን ሆነሽ አላት።

«ሰው ሞቶብኝ ነው» አለችው።